ቨርና የምታነሳው ጋንቾ

ሃርላን ነገር የሸተተው ሚስቱ «እኔ ብቻዬን የማነሳው ይሁን» ያለች ቀን ነው።

ብቻዬን! አርባ ሦስት ዓመት በትዳር የኖረች ሴት ይሄን ቃል ከየት አመጣችው? ቁርስ ላይ ነበሩ፤ ከተሳቢ ቤታቸው ደጅ፣ ከሸራው ጥላ ሥር ተቀምጠው ፓንኬካቸውን ይበላሉ። ሃርላን እንደ ልማዱ ተሳቢውን ከፒክአፑ ጋር ስለሚያያይዘው ጋንቾ ያወራል። ከገና ወዲህ ሌላ ወሬ የለውም። አሮጌው ፒክአፕ ካምቢዮው ሞቶበት በምትኩ የገዙት ጀርባው አጭር ነው፤ የድሮውን ጋንቾ አይቀበልም። የእነሱ ተሳቢ ደግሞ ከመኪና ኋላ ተንጠልጥሎ የሚሄደው ዓይነት አይደለም። አፍንጫውን ፒክአፑ ጀርባ ላይ አውጥቶ የሚጫን ነው፤ ጀርባው ካጠረ፣ ጠበብ ያለ መታጠፊያ ላይ የተሳቢው ጥግ ይመጣና የሹፌሩን የኋላ መስታወት ያረግፈዋል። ስለዚህ ለአጭር ጀርባ የሚሆን ጋንቾ መምረጥ ነበረባቸው፤ ያውም መጋቢት ሳያልቅ። ሚያዝያ ከገባ የአሪዞና በረሃ ሙቀት ሰው አያስቀምጥም፣ ብርድ ሸሽቶ የመጣው የተሳቢ ሰፈር ሁሉ ቤቱን ጎትቶ ወደ ሰሜን ይነቀላል።

ሃርላን ልቡ ያረፈው ከባዱ ላይ ነበር። መቶ ኪሎ የሚያልፍ ብረት ነው፤ መታጠፊያ ሲመጣ በሐዲዱ ላይ ወደኋላ ይንሸራተታል፣ ከተሳቢው አፍንጫ ቁልቁል የወጣውን ወፍራም ፒን በሁለት መንጋጋ ነክሶ ይይዛል። ሰውዬው ሠላሳ አንድ ዓመት ከነብራስካ ከብት ጭኖ የተመላለሰው እንዲህ ባለ መንጋጋ ነው፣ ሌላ ነገር አያምንም። ቨርና የመረጠቻት ግን የአሉሚኒየም ነገር ናት፤ ሃያ ኪሎ አትሞላም። አናቷ ላይ አንድ የብረት ኳስ አላት፣ ፒኑ ላይ የሚገጠም ክፍት ብረት ከላይ እንደ ቆብ ይደፋባትና እጀታ ይዘጋል፣ አለቀ።

«ማንሳቱ ለምንሽ ነው?» አላት። «አንዴ ከታሰረ በኋላ ማን ያነሳዋል?»

«ማንሳት ቢያስፈልገኝስ» አለች ቨርና፣ ሽሮፑን ፓንኬኩ ላይ እያፈሰሰች። «ብቻዬን ብሆንስ።»

«እኔ የት ሄጄ?»

ብላ፣ ይቀዘቅዛል አለችው፣ እሷም አቀርቅራ መብላቷን ቀጠለች።

ሃርላን ራሱ ግን ንጹሕ አልነበረም፤ ይሄን ሳልናገር ባልፍ ሴትዮዋን መበደል ይሆንብኛል። ባለፈው ጥቅምት፣ ከነብራስካ ሳይነሱ፣ የዓይን ሐኪም ዘንድ ሄዶ ነበር። የሁለቱም ዓይኖቹ መሃል ላይ ግራጫ ጭጋግ ተቀምጧል። ዳር ዳሩን ደህና አድርጎ ያያል፤ ፊት ለፊት ያለውን ግን ጭጋጉ ይውጥበታል። ሐኪሙ እየባሰ እንጂ እየተሻለ አይሄድም፣ መንዳቱን ከአሁኑ ብትተወው ይሻላል፣ ለባለቤትህም ንገራት ብሎ ወረቀት ሰጠው። ሃርላን ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፎ ነዳጅ ማደያ ያለ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ከተተው። ለማንም ትንፍሽ አላለም።

ቢናገር ምን እንደሚከተል ያውቀዋላ። ቤታቸውን ከሸጡ አምስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ያላቸው ቤት ተሳቢው ብቻ ነው። ልጃቸው ጆሊን በየእሑዱ ስትደውል፣ ከእኔ ቤት ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ የሽማግሎች ፎቅ አለ፣ ሊፍት አለው፣ ነርስ አለው ሳትል ስልኩን አትዘጋም። ቁልፉን ከእጁ የተቀበሉት ቀን ተሳቢው ይሸጣል፣ እሱ ያንን ሊፍት ይወጣል። እና ራሱ የሚደብቀው ስላለው ነው መሰለኝ፣ ዙሪያውን ያለው ሰው ሁሉ የሚደብቅ መሰለው።

ለነገሩ ቨርናም ሰበብ ትሰጠዋለች። አርባ ዓመት ሙሉ መኪና ውስጥ ከገባች ወይ ትተኛለች ወይ ሹራብ ትሠራለች፤ መንገድ ምን እንደሚመስል አታውቅም ነበር። በዚህ ክረምት ግን አፏ ተከፈተ። ያቺን ነጭ መኪና አየሃት፣ በቀኝ በኩል ልትገባ ቆማለች ትላለች። ቀዩ መብራት ዛሬ እንዴት ቶሎ በራ ትላለች። እነዚያ አሮጊቶች መንገድ ሊሻገሩ ነው፣ ታድለው፣ ወገባቸው ቀጥ ያለ ነው ትላለች። ሃርላን መጀመሪያ ነዘነዘችኝ አለ። በኋላ ግን ነዝናዛ ሴት እንዲህ በለሰለሰ ድምፅ አታወራም ብሎ አሰበ። አለነገር እንዲህ የምትለሰልስ ሚስት የሆነ ነገር አለባት።

ማክሰኞ ደግሞ የቀለሙ ጉድ መጣ። ሃርላን ከገበያ ሲመለስ የተሳቢው እግሮች ማዞሪያ፣ የውሃው መክፈቻ፣ የደረጃው ጠርዝ፣ የፍሬኑ ገመድ ማሰሪያ፣ እጅ የሚነካው ነገር ሁሉ ብርቱካንማ ተቀብቷል። እሳት የመሰለ ብርቱካንማ፣ ከሩቅ የሚጮህ።

ይሄ ምንድነው ብሎ ጠየቃት። ዓይኔ ደክሟል፣ እንዲታየኝ ብዬ ነው አለችው።

ዓይኔ ደክሟል! ከአንድ ቀን በፊት ከመብራቱ ራቅ ብላ ተቀምጣ የሱሪውን ቁልፍ ስትሰፋ፣ ክሩን በመጀመሪያው ሙከራ መርፌው ውስጥ ስትሰደው ጎኗ ተቀምጦ ነበር። ምን አለ በሉኝ፣ ይቺ ሴት ዋሽታኛለች አለ በሆዱ። ዕቃ ላይ ምልክት የሚደረገው ደግሞ ለማን ነው? ወይ ለሚገዛ፣ ወይ ለሚወስድ።

ሐሙስ ሐሙስ ሰፈሩ ሁሉ የየራሱን ድስት ይዞ ወጥቶ አንድ ላይ ይበላል። ሃርላን ሳህኑን ይዞ ተራ ሲጠብቅ ከፊቱ የቆመው ዴልበርት ነበር፣ ሦስት ቤት አለፍ ብሎ ያለው ጎረቤታቸው። ዴልበርት ከካናዳ የመጣ፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ድሮ ደብዳቤ ያድል የነበረ ሰው ነው። ወንዱ ሁሉ ጺሙን ለአቧራ በለቀቀበት በረሃ በየጠዋቱ ይላጫል። ሸሚዙ ተተኩሷል። ማን አይቶልኝ ብሎ ይተኩሳል እያለ ሃርላን ድሮም ይገርመው ነበር። ዴልበርት ባቄላ ለመጨለፍ እጁን ሲዘረጋ፣ ሃርላን በዓይኑ ጠርዝ የአውራ ጣቱን ጥፍር አየው። ከጥፍሩ ሥር ብርቱካንማ ቀለም አለ።

የዚያን ቀን የጎረቤታቸውን የሩቲን የፖም ኬክ እንኳ አልቀመሰም፤ ሰዎች አሞሃል እንዴ ብለው ጠየቁት።

ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ሃርላን ነቃ፤ ጎኑን ሲዳስስ አልጋው ባዶ ነው። ጫማውን አድርጎ ወጣ። ከወደ ዴልበርት በኩል የሞተር ድምፅ ይሰማል። ቀስ እያለ ሄዶ ከሩቲ የውሃ ጋን ጀርባ ቆመና አንገቱን አወጣ። ጭንቅላቱን ወደ ጎን ዘንበል አድርጎ፣ በዓይኑ ዳር ነው የሚያየው።

ቨርና የዴልበርት ፒክአፕ መሪ ላይ ተቀምጣለች። ወደኋላ እየመጣች ነው፣ ወደ ዴልበርት ተሳቢ። ዴልበርት ሠላሳ እርምጃ ያህል ርቆ፣ እጁን ወደኋላ አጣምሮ፣ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ቆሟል።

የሃርላን ደም ፈላ። ግን አልጮኸም። መጮህ አይችልም ነበር፣ ምክንያቱም በዚያ ሰፈር ጋንቾ ላይ ያለ ሰው አያናግሩትም። ይሄ ሕግ የተጻፈ አይደለም፤ ከሕግም የበረታ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት ድዋይት የሚባል ሰው ተሳቢውን እያያያዘ ሳለ አንዱ መጥቶ እንዴት አደርክ አለው። እግዚአብሔር ይመስገን ብሎ መለሰ፣ እጀታውን መዝጋት ረሳ፣ ፒክአፑን ሲያንቀሳቅስ ተሳቢው አፍንጫውን ጣለና የመኪናውን ሁለት ጎን እንደ ካርቶን ጨፈለቀው። ከዚያ ወዲህ አንድ ሰው ወደ ጋንቾው ሲሄድ ጎረቤት ሁሉ አፉን ይዘጋል፣ ውሻም ይያዛል። ሃርላን ራሱ ነው ይሄን ልማድ ለአዲስ ገቢ ሁሉ የሚያስተምረው። እና ሚስቱ የሌላ ሰው ቤት ስታያይዝ፣ አፉን ዘግቶ ቆመ።

ቨርና ወረደች። የተሳቢውን እግር ወደ ላይ ሰበሰበች፣ ተሳቢው ዝቅ ብሎ የዴልበርት ጋንቾ ኳስ ላይ እንደ ቆብ ተደፋ። የዴልበርትም ያቺው ትንሿ ናት። እጀታውን ዘጋች፣ ገመዱን ሰካች፣ ተመልሳ መሪው ላይ ወጣችና የተሳቢውን ፍሬን ይዛ ፒክአፑን በስሱ ወደፊት ጎተተች። ያዘ። ሹፌር የሆነ ሰው ሁሉ የሚያደርገው ፈተና ነው፤ ይሄን ያስተማራት ደግሞ እሱ አይደለም።

ዴልበርት ሰዓቱን አየ። «አሥራ አንድ ደቂቃ» አለ።

«በቃ ልሂድ» አለች ቨርና፣ «ሃርላን ሳይነቃ።»

ሃርላን እንዴት ተመልሶ አልጋው ውስጥ እንደገባ አያውቀውም። ዓይኑን ጨፍኖ የተኛ መስሎ ጠበቃት። ገባች፤ እግሯ በረዶ ሆኗል። ቆይቶ እንደነቃ ሰው ተንጠራራና የት ነበርሽ አላት። በእግሬ ዞር ዞር ብዬ መጣሁ፣ ጠዋቱ ደስ ይላል አለችው። ድምፅዋ ያው ለስላሳው ድምፅ ነው።

ነገሩ ተገጣጠመለት። ብቻዋን የምታነሳው ጋንቾ፣ ቀለሙ፣ ውሸቱ፣ የተተኮሰው ሸሚዝ፣ አሥራ አንድ ደቂቃ። ልትሄድ ነው። ወይ ቤቱን ጎትታ፣ ወይ ዴልበርት ቤት ገብታ። አንድ ቀን ከገበያ ሲመለስ የቆሙበት ቦታ ላይ ጠጠር ብቻ ይጠብቀዋል። አርባ ሦስት ዓመት ጠጠር ሆኖ ሲታየው ሊያለቅስ ደረሰ፤ አላለቀሰም፣ ተናደደ። የሃርላን ንዴት ደግሞ የልጅ ንዴት ነው። ዛሬውኑ ሄጄ ከባዱን እገዛለሁ፣ በአራት ብሎን አስሬ አስቀምጠዋለሁ፣ ማን እንደሚያነሳው አያለሁ አለ።

ከቁርስ በኋላ ጋንቾ ልገዛ ነው አላት። ቨርና ቦርሳዋን አንስታ ተከተለችው። አትምጪ ሊላት ፈልጎ ምክንያት አጣ።

መንገድ ላይ ቨርና ያንኑ ወሬዋን ታወራለች። ከተማው መግቢያ ላይ ሳሉ «ያ ባለ ቀይ ባርኔጣ ሰውዬ በዚህ ፀሐይ በብስክሌት» አለች፤ ቀጥላም ድምፅዋ ትንሽ ከፍ አለ፣ «እዚህ፣ በቀኝ በኩል፣ ሃርላን።»

ሃርላን ፊት ለፊቱ የሚያየው አስፋልትና ጭጋግ ነው። መሪውን ወደ ግራ ጠመዘዘ። ወዲያው በዓይኑ ጠርዝ አንድ ቀይ ነገር ስፔኪዮውን ሊነካ ትንሽ ቀርቶት አለፈ።

«አይቼዋለሁ» አለ።

ቨርና ሱቁ እስኪደርሱ ድረስ ዓይኗን ከመንገዱ አልነቀለችም።

የጋንቾ ሱቁ ባለቤት ሮክሳን ትባላለች፣ ሃምሳ ዓመት የሞላት፣ እጇ ግራሶ የማይለየው ሴት። ገና በሩን ሲከፍቱ ፊቷ በራ፤ ቨርናን በስሟ ጠርታ ተመለሱ እንዴ አለቻት። ሃርላን ክው ብሎ ቀረ። ሮክሳን ወደ እሱ ዞራ፣ ባለቤትዎ ጎበዝ ናቸው፣ ባለፈው ሳምንት ከአንድ ጎረቤታቸው ጋር መጥተው ያቺን ትንሿን ሁለት ጊዜ አንስተው አስቀመጧት አለችው።

«ከጎረቤታቸው ጋር» አለ ሃርላን ቀስ ብሎ፣ ቨርናን ሳያይ። ከዚያ ጣቱን ወደ ከባዱ ቀሰረ። «ያንን ነው የምፈልገው። አሁኑኑ ይታሰርልኝ።»

ሮክሳን አልተከራከረችም። አንድ ደንብ ግን አላት፤ ከእሷ ሱቅ ባለ መንጋጋ ጋንቾ የሚገዛ ሰው ሳይፈተን አይወጣም። ጥግ ላይ አንድ ማሳያ አቁማለች፤ ጋንቾው ከታች፣ ከላይ ደግሞ በክንድ የተንጠለጠለ ፒን። ክንዱን ታወርድና ባትሪ ትሰጣለች፣ ገዢው ጎንበስ ብሎ መንጋጋው ፒኑን መንከስ አለመንከሱን አይቶ ይናገራል። አንዳንዴ ፒኑን መንጋጋው ውስጥ ሳይሆን መንጋጋው አናት ላይ ታስቀምጠዋለች። ለላይ ላይ ዓይን የገባ ይመስላል፤ እንደዚያ ሆኖ የሄደ ሰው ቤቱ የመጀመሪያው ጉብታ ላይ ይወድቃል።

«ልጄ» አላት ሃርላን፣ «እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ከብት ጭኛለሁ።»

«አውቃለሁ ጌታዬ። ለአባቴም አልቀረለትም።»

ክንዱን አወረደች፤ ብረት ብረትን መታ። ሃርላን ባትሪውን ተቀብሎ ጎንበስ አለ። ፊት ለፊት ሲያይ ግራጫ ነው። አንገቱን ወደ ቀኝ አዞረ፣ ግራጫው አብሮት ዞረ። ወደ ግራ አዞረ። መንጋጋው ጥላ ውስጥ ነው፣ ጠርዝ ላይ የምትቀረው ዓይኑ እዚያ ድረስ አትገባም። ከኋላው ሁለት ሴቶች ቆመዋል። ቀደም ሲል የሰማውን ድምፅ አስታወሰ፤ ጥሩ ድምፅ ነበር፣ የገጠመ ብረት ድምፅ።

«ተዘግቷል» አለ።

ሮክሳን ቨርናን አየቻት። ፒኑ መንጋጋው አናት ላይ ነበር።

ቨርና ከጎኑ ጎንበስ አለች፣ ባትሪውን ከእጁ ወስዳ አበራችበት፣ ለረጅም ጊዜ አየች።

«ይሄ ባትሪ ደክሟል» አለች። «ለእኔም አይታየኝም። የእኔም ዓይን ደክሟል።»

ሃርላን ይሄን ድምፅ ያውቀዋል። የቀለሙን ነገር የጠየቃት ቀን የሰማው ድምፅ ነው፣ ያው ውሸት ነው፣ ቃል በቃል። አሁን ግን የተዋሸው ለእሱ አልነበረም። ሮክሳን ፊት፣ እሱ እንዳያፍር የተዋሸ ውሸት ነው። ጎንበስ እንዳለ ቀረ። ነጯ መኪና፣ ቀዩ መብራት፣ ቀዩ ባርኔጣ። ክረምቱን ሙሉ መንገዱን ስታነብለት ነበር፣ ብርቱካንማውንም የቀባችው ለእሱ ዓይን ነው፣ እሱ ደግሞ ምን አጥፍታ ነው ሲል ከርሟል።

ቀና ሲል ወገቡ ተንቋቋ። ሮክሳን አስተዋይ ሴት ናት፤ ያልጠራ ስልክ ልታነሳ ወደ ውስጥ ገባች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?» አላት።

«ከጥቅምት። ከሐኪሙ ቤት ለቀጠሮ ደወሉ፣ አንተ ጎማ ልታስቀይር ሄደህ ነበር።»

«ምነው ታዲያ አልነገርሽኝ?»

«ዓይኑ ያንተ ነው» አለች ቨርና። «እስክትነግረኝ ጠበቅሁ። ባትነግረኝ ደግሞ መንዳቱን ልማር ብዬ ነው። ጆሊን ብትሰማ ቤቱን ሸጣ ፎቅ ላይ ትሰቅለናለች። እኔ ከነዳሁት ግን ቤታችን ቤታችን ነው።»

ሃርላን ባርኔጣውን አውልቆ ጠርዙን ማሻሸት ጀመረ። «ዛሬ ጠዋት አየሁሽ» አለ። «ከዴልበርት ጋር።»

መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት እጇን አፏ ላይ አደረገች፣ ከዚያ ሳቋ በጣቶቿ መሃል አመለጠ።

«አንተ ሽማግሌ» አለችው፣ እንባዋን እየጠረገች። «እኔን ከዴልበርት ጋር? ሰውዬው ባቄላ ሲያኝክ የሚያሰማውን ድምፅ ሰምተኸው ታውቃለህ?»

ሃርላን ሊስቅ ሞከረ፣ አልሆነለትም። አፈረ። እንደዚያ ቀን አፍሮ አያውቅም፤ አንዴ በረዶ ላይ አርባ በሬ የጫነ መኪና ገልብጦ እንኳ እንዲህ አላፈረም። ሴትዮዋ በጎሕ ብርድ ተነስታ የሰው መኪና ላይ ስትለማመድ፣ እሱ ከውሃ ጋን ጀርባ ቆሞ ሲሰልላት። ይቅርታ ለማለት አፉን ከፈተ፤ የወጣው ቃል ግን ሌላ ሆነ። ዛሬ ያንን በብስክሌት የሚሄድ ሰውዬ አላየሁትም ነበር አላት። አውቃለሁ አለችው።

ሮክሳን እግሯን እያሰማች ተመለሰችና፣ ከባዱን ላስጭን ወይስ ሌላ ጊዜ ትመጣላችሁ ብላ ጠየቀች። ሃርላን ከባዱን አየው፤ ማለት ወደ ጎን ዘንበል ብሎ፣ በዓይኑ ጠርዝ። ያማረ ብረት ነው። ዕድሜውን ሙሉ ያመነው እንዲህ ያለውን ነው። ከኪሱ የፒክአፑን ቁልፍ አወጣና ባንኮኒው ላይ አስቀመጠው። ወደ ሮክሳን አልነበረም የገፋው፣ ወደ ቨርና ነው።

«እሷ የምታነሳውን ስጪን» አለ።

ሲመለሱ ቨርና ነዳች። ሃርላን ከጎኗ ሆኖ አንዴ ብቻ ፍጥነት ቀንሺ አላት፤ እሷም ዝም በል አለችው።

የሄዱት የመጋቢት ሃያ ስድስት ጠዋት ነው። ፀሐይ ገና አልጋለችም። ቨርና ወደ ፒክአፑ ስትራመድ ሰፈሩ አፉን ዘጋ። ሩቲ ውሻዋን ያዘች። ዴልበርት እጁን ወደኋላ አጣመረ። አንዲት ከአይዳሆ የመጣች አዲስ ገቢ ልታወራ ስትጀምር ሃርላን ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ዝም አሰኛት። ከዚያ እሱም ራቅ ብሎ ቆመ። ወደኋላ ስትመጣ ትንሽ ጠመመችና እንደገና ወደፊት ሄደች። ሃርላን ወደ ግራ፣ ወደ ግራ ሊል ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ዋጠው። ሁለተኛው ላይ ቀጥ ብላ ገባች። ወረደች፣ ብርቱካንማውን ማዞሪያ አዞረች፣ ተሳቢው ዝቅ ብሎ ኳሷ ላይ ተደፋ፣ የፒክአፑ ጀርባ ክብደቱን ተቀብሎ ትንሽ ተቀመጠ። እጀታውን ዘጋች። ገመዱን ሰካች፣ ጎትታ ፈተነችው፣ ሞተሩን አጥፍታ ጎንበስ ብላ አየች።

ከዚያ ልማዱን ራሷ ሰበረችው።

«ሃርላን፣ ና እስቲ» አለች። ሰፈሩ ሁሉ ዞሮ አየ። ሲጠጋት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እኔ አይቼዋለሁ። አንተ ደግሞ ንካው።»

ሃርላን እጁን ሰደደ። ሠላሳ አንድ ዓመት በብርድም በሙቀትም ብረት የነካ እጅ ነው፣ ዓይን አያስፈልገውም። ጣቶቹን ኳሷና ቆቡ በሚገናኙበት ዙሪያ አስኬደ። ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት የለም። እጀታውን አገኘው፣ እስከ መጨረሻው ሄዷል፣ ማሰሪያው ቀዳዳው ውስጥ ገብቷል። በጣቶቹ አንዴ ዞረው። እንደ ልማዱ ደገመው።

«ተዘግቷል» አለ። በዚህኛው እርግጠኛ ነበር።

ቨርና ራሷን ነቅንቃ መሪው ላይ ወጣች። ሃርላን ወደ ቀኙ በር ሲሄድ ዴልበርት፣ ጺሙን ተላጭቶ፣ ሸሚዙን ተኩሶ፣ መልካም መንገድ ብሎ ጨበጠው። ሃርላን አመሰገነው፤ ያንን ሸሚዝ ግን አሁንም አላመነውም። ገብቶ ሲቀመጥ ወንበሩ አሁንም ለቨርና ቁመት ወደፊት እንደተጠጋ ኖሯል፤ ጉልበቱ ፊት ለፊቱ ካለው ሳጥን ጋር ተጋጨ። እጁን ከሥር ሰድዶ ማላቀቂያውን በዳበሳ አገኘና፣ ወንበሩን ለራሱ ቁመት ወደኋላ ገፋው።